የጌሻ ስም ፓናማ ምን ይሠራል?

የዛሬውን ነገሬን ከመማሪያ ክፍል ልጀምር። ባለፈው ሴሚስተር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቼ ስለ ወጪ ንግድ አጭር ጥናት እንዲያቀርቡ አዝዤ ነበር። ከትጉኅ ተማሪዎቼ አንዱ በጽሑፉ መካከል «የፓናማ ልዩ ሀብት የሆነው የጌሻ ቡና» የሚል ሐረግ አስገብቶ አገኘሁ። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁና ሐረጉን ሠርዤ፣ ከጎኑ «ስሕተት! ጌሻ የት እንደሆነ አጣራ» ብዬ ጻፍኩበት። ልጁ በማግሥቱ ቢሮዬ መጣ። በትሕትና አንገቱን ደፍቶ፣ «ዶክተር፣ እኔ ከራሴ አላመጣሁትም፤ ጉግል ነው እንዲህ ያለው» አለኝና ስልኩን ዘረጋልኝ።

ተቀብዬ አየሁ። በላቲን ፊደል «ጌሻ ቡና» ብሎ ሲፈልግ የተደረደሩለት የፓናማ እርሻዎች፣ የቦኬቴ ተራሮች ፎቶግራፎች እና የጨረታ ዋጋዎች ነበሩ። እንግሊዞች ስሙን አበላሽተው እንደጻፉት «ጌይሻ» ብሎ ብቻውን ሲፈልገው ደግሞ ፊታቸውን ነጭ የተቀቡ የጃፓን ሴቶች መጡ። እርግጥ ነው፣ ስለ ቡናው የተጻፉትን ገጾች ከፍቶ በትዕግሥት ያነበበ ሰው ዘሩ ከኢትዮጵያ እንደ ሄደ የምትናገር አንዲት ዐረፍተ ነገር አንድ ቦታ ላይ አያጣም። እኛ የታሪኩ መግቢያ ነን ማለት ነው። ባለታሪኮቹ ግን እነርሱ ናቸው።

ይህ ለሌላው ሰው ተራ የፈተና ስሕተት ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን የቤቴ ጉዳይ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ሚዛን ተፈሪ ነው። አባቴ ከጫካ የለቀመውን ቡና አድርቆና ሸጦ ነው ለወግ ለማዕረግ ያበቃኝ። ታዲያ ይህን ተማሪ ምን ልበለው? «ጉግል ዋሸ» ብዬ ልሸኘው? ነገሩን ሳሰላስለው ግን ጉግል አልዋሸም። የተነገረውን ነው ደግሞ የነገረን። ያልተናገርነው እኛ ነን። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ይህንኑ ለመናገር ነው፤ ተወቃሾቹም እንደ እኔ ተማርን የምንል ሰዎች እና ድረ ገጽን እንደ ምርቃት ሪባን የሚቆጥሩ ሹሞች ነን።

ማጂን ፈልጉት

ከማመናችሁ በፊት ራሳችሁ ሞክሩት። «ማጂ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ጻፉና ፈልጉ። ማጂ በስዋሂሊ ቋንቋ ውኃ ማለት ነውና ውኃ በውኃ ትሆናላችሁ። ከዚያ ካለፋችሁ እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1907 በያኔዋ የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ሕዝቡ በጀርመኖች ላይ ያነሣውን የማጂ ማጂ ዐመፅ ታገኛላችሁ። «ሚዛን» ብትሉ በዐረብኛም በአማርኛም መመዘኛ ነው። «ቴፒ» ብትሉ በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ዳርቻ ማለት ነው። የእኛው ማጂ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ሳይቀር ቆንስል አስቀምጦበት የነበረው ያ ደጋ፣ ሌሎች በጻፉት ክምር ሥር ተቀብሯል።

«ምን አለበት? ስም የተጋራ ብዙ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ትሪፖሊ የሚባል ከተማ በሊቢያም በሊባኖስም አለ። ልዩነቱ ግን ሁለቱም ትሪፖሊዎች ስለ ራሳቸው ብዙ የጻፉ፣ ብዙም የተጻፈላቸው በመሆናቸው ፈላጊው የትኛውን እንደሚሻ መምረጥ ይችላል። ማጂን የሚፈልግ ሰው ግን የሚመርጠው እንኳ አይቀርብለትም።

ፈላጊው እንዴት ይፈልጋል?

በእኛ አገር የተማረው ሰው ስለ ኢንተርኔት መፈለጊያ ያለው ግምት ከጠንቋይ ቤት ብዙም አልራቀም። ጠይቆ መልስ ያገኛል፤ መልሱ ከየት እንደ መጣ ግን አይጠይቅም። «ጉግል ላይ የለም» ማለት «በዓለም ላይ የለም» ማለት ሆኗል። ስለዚህ የአሠራሩን ነገር በአጭሩ ላስረዳ።

መፈለጊያው ሦስት ሥራ ይሠራል። አንደኛው መዞር ነው። «ሸረሪት» የሚሏቸው ፕሮግራሞች ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ገጽ በማያያዣ፣ ማለትም በሊንክ፣ እየተሻገሩ ያገኙትን ጽሑፍ ይቀዳሉ። ማንም ማያያዣ ያልዘረጋለት፣ ባለቤቱም የገጾቹን ዝርዝር ለመፈለጊያው ያላቀረበለት ገጽ መንገድ እንዳልገባለት ቀበሌ ነው። ሰው ይኖርበታል፤ እንግዳ ግን አይደርስበትም። የማጂን መንገድ በክረምት የሄደበት ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ሁለተኛው ማውጫ ማዘጋጀት ነው። በመጽሐፍ ጀርባ የቃላት ማውጫ እንዳለ ሁሉ፣ መፈለጊያውም የትኛው ቃል በየትኛው ገጽ እንደሚገኝ አስቀድሞ መዝግቦ ያስቀምጣል። እናንተ ስትጠይቁት ዓለሙን ዞሮ አይመጣም፤ ይህንን ማውጫ ነው የሚገልጠው። እንግዲህ ማውጫው ውስጥ የሚገባው ፊደል ሆኖ ሊነበብ የሚችል ጽሑፍ ነው። ፎቶ ተነሥቶ የተሰቀለ ደብዳቤ ለዓይን ጽሑፍ ይመስላል እንጂ ለሸረሪቱ ሥዕል ነው። ከሥዕል ላይ ፊደል የሚለቅሙ ፕሮግራሞች ዛሬ ቢኖሩም፣ ማኅተም የረገጠውን ተጣሞ የተነሣ የአማርኛ ደብዳቤ በትክክል እንዲያነቡልን መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ማውጣት ነው። ለአንድ ቃል ሚሊዮን ገጽ ቢገኝ የትኛው ይቅደም? ላሪ ፔጅ እና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ ያፈለቁት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ጉግልን የመሠረቱበት ሐሳብ ከእኛው ከምሁራን መንደር የተወሰደ ነው። አንድ የጥናት ጽሑፍ በሌሎች ብዙ ጊዜ ከተጠቀሰ ክብደት አለው እንላለን። እነርሱም አንድ ገጽ ከሌሎች ገጾች ብዙ ማያያዣ ከመጣለት ክብደት አለው አሉ፤ ከባድ ገጽ የሚልከው ማያያዣ ደግሞ ቀላል ገጽ ከሚልከው ይበልጥ ይመዝናል አሉ። ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ምልክቶች ተጨምረውበታል፤ የጠያቂው ቋንቋና አገር፣ የጽሑፉ አዲስነት፣ የቃላቱ ዝምድና ሁሉ ይታያል። መሠረቱ ግን ያው ነው።

ልብ በሉ! በእነዚህ ሦስት ሥራዎች ውስጥ ጌሻ ጫካ ድረስ ሄዶ ጉዳዩን የሚያጣራ አንድም አካል የለም። መፈለጊያው የሚመዝነው የተጻፈውን፣ የተያያዘውን እና ሳይቋረጥ የቆየውን ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ወራሹ ግን የግድ የባለ ነገሩ ልጅ አይደለም፤ የጻፈው ሰው ነው።

ለአንድ ድረ ገጽ ይህ የሞትና የሽረት ነገር ነው። ፈላጊ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ አያልፍም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ገጽ ላይ መገኘት ከገበያው ጀርባ ሱቅ እንደ መክፈት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደግሞ ጉግል ከውጤቶቹ ዝርዝር በላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጨመቀ መልስ ማስቀመጥ ጀምሯል። ያም መልስ የሚጨመቀው ከእነዚሁ ከተጻፉት ገጾች ነው። ትናንት ፈላጊው ዐሥር ምንጭ አይቶ የማመዛዘን ዕድል ነበረው። ዛሬ አንድ አንቀጽ አንብቦ ስልኩን ይዘጋል። በዚያ አንቀጽ ውስጥ ያልገባ አገር ምን ዕጣ እንደሚጠብቀው ለእናንተ እተወዋለሁ።

«ተዘረፍን» ለሚሉ

የጌሻ ጉዞ በአጭሩ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ በማጂ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስል አማካይነት ከአካባቢው ጫካ የተሰበሰበ የቡና ዘር ወደ ኬንያ ተላከ። ከዚያ ወደ ዩጋንዳና ወደ ታንዛኒያ የምርምር ጣቢያዎች ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታ ሪካ ቱሪያልባ ወደሚገኘው የምርምር ማዕከል ገባ። በ1960ዎቹ ደግሞ በሽታን ይቋቋማል ተብሎ ፓናማ ደረሰ። እዚያም ለዓመታት የሚፈልገው አልነበረም፤ ቅርንጫፉ ተሰባሪ፣ ምርቱ ትንሽ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2004 የፒተርሰን ቤተሰብ ንብረት የሆነው «ላ ኤስሜራልዳ» እርሻ ይህን ቡና ከሌላው ለይቶ ለውድድር አቀረበው። አሸነፈ፤ በጨረታም አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ። ያኔ ጉድ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2025 የዚሁ እርሻ ቡና አንዱ ኪሎ በ30,204 ዶላር ተሸጠ። በጨረታው የቀረበው መጠን 20 ኪሎ ብቻ ነበር።

ይህን ቁጥር የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ «ተዘረፍን!» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን የፓናማ ገበሬዎች ምን ሠሩ? ቡናውን ከሌላው ለዩት። ከፍታውን፣ ማሳውን፣ የታጠበበትን ቀን፣ የቀማሾቹን ነጥብ መዘገቡ። የመዘገቡትንም ሰው ሁሉ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ አስቀመጡት። ገዢው ጻፈው፤ ቆይው ጻፈው፤ ጋዜጠኛው ጻፈው፤ ሁሉም ወደ እነርሱ ገጽ ማያያዣ ዘረጉ። ከሃያ ዓመት በላይ፣ በየዓመቱ፣ አድራሻው ሳይዘጋ። መፈለጊያው ይህን ቆጠረ። ቁጥሩን ደምሮ ጌሻ ፓናማ ነው አለ።

እኛስ በዚያው ዘመን ምን ስንሠራ ነበር? እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ አብዛኛው ቡናችን በምርት ገበያ በኩል በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ፣ ከሌላው ጋር እየተቀላቀለ እንዲሸጥ አደረግን። ለዋጋ ግልጽነት የነበረውን ጥቅም አልክድም። ነገር ግን የገበሬው ስም፣ የማሳው ስም፣ የቀበሌው ስም ከከረጢቱ ላይ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2017 በተጀመረው ማሻሻያ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ የውጭ ገዢው «ይህ ቡና ከየት መጣ?» ቢል የሚሰጠው መልስ ከክልል ስም ብዙም አይዘልም ነበር። ሌላው ዓለም ስም በሚጽፍበት ዐሥር ዓመት እኛ ስም ስንፍቅ ኖርን።

የሚገርመው፣ ስም ሀብት መሆኑን የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አገራችን ሲዳሞን፣ ሐረርን እና ይርጋ ጨፌን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ተነሣች። ተቃውሞ ገጠማት፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው እሰጥ አገባም በ2007 በስምምነት ተፈታ። በሦስቱ ስሞች ኮራን። ያ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ ግን አራተኛው ስም ከሦስት ዓመት በፊት የፓናማን የጨረታ አዳራሽ ተሻግሮ ነበር። በሕግ መዝገብ የምንጠብቀውን ስም በሰው አእምሮ መዝገብ ከተነጠቅነው ድሉ ግማሽ ነው።

ደግሞም የሚጽፍ እንደሚገኝ ማስረጃው ከደጃችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ አሜሪካዊ የፊልም ሰው እና ትውልደ ኢትዮጵያዊት ባለቤቱ በያኔው ቤንች ማጂ ዞን፣ በጎሪ ጌሻ ጫካ አቅራቢያ፣ «ጌሻ ቪሌጅ» የተባለ እርሻ መሠረቱ። ቡናቸውን በማሳ ለይተው፣ ታሪኩን ጽፈው፣ ጨረታውን በኢንተርኔት አካሄዱ። ዛሬ ጌሻን ከኢትዮጵያ ጋር አያይዞ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ከሚያገኛቸው ስሞች አንዱ የእነርሱ ነው። አንድ እርሻ የቻለውን ዞኑ፣ ክልሉና ዩኒቨርሲቲው በአንድነት እንዴት አቃታቸው?

የእኛው ኃጢአቶች

የመጀመሪያው የፊደል ኃጢአት ነው። እነ ዶክተር አበራ ሞላ፣ አቶ ፍሥሐ አጥላው እና ዳንኤል ያዕቆብ የግእዝን ፊደል ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ደክመዋል፤ ፊደላችንም እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ውስጥ ቦታውን አግኝቷል። ከዚያ በፊት የነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የግእዙን ቅርጽ በላቲኑ ቁጥር ላይ የሚለብጡ ነበሩ። በዓይን «ቡና» የሚነበበው ለማሽኑ ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ክምር ነው። ዩኒኮድ ከመጣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነው፤ እስከ ዛሬ በእነዚያ አሮጌ ፕሮግራሞች ጽፈው፣ ከዚያም ፎቶ አንሥተው የሚሰቅሉ መሥሪያ ቤቶች አሉ። በዚህ ላይ «ጌሻ» እና «ገሻ»፣ «ማጂ» እና «ማጅ» እያልን፣ «ሀ»ን «ሐ»ን እና «ኀ»ን እንዳሻን እያቀያየርን ስንጽፍ አንዱን ቃል ራሳችን ለብዙ እንከፍለዋለን።

ሁለተኛው አድራሻን የመግደል ኃጢአት ነው። በንጉሡ ዘመን ማጂ በከፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ነበረ። በኋላ ቤንች ማጂ የሚባል ዞን ሆነ፤ ቀጥሎ ዞኑ ቤንች ሸኮ እና ምዕራብ ኦሞ ተብሎ ተከፈለ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። የመዋቅሩን ተገቢነት ዛሬ አልከራከርም፤ ራስን በራስ ማስተዳደር የሕዝቡ መብት ነው። ነገር ግን ስም በተለወጠ ቁጥር አሮጌው ድረ ገጽ ይዘጋል፤ ወደ አዲሱ የሚመራ ምልክት አይተውም። በዚህም ለዓመታት የተጠራቀመው ማያያዣ ሁሉ በአንድ ሌሊት ገደል ይገባል። ከአሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ ማዘዋወሪያ ማኖር ለባለሙያ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ባለፈው ዓመት እኔ ራሴ አንድ ቁጥራዊ መረጃ ፈልጌ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ገባሁ። የሹሙ ፎቶግራፍ፣ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት እና «ገጹ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ተቀበሉኝ። በአካል ስሄድ መረጃው ከመደርደሪያ ላይ ወረደልኝ፤ አቧራው ተራግፎ።

ሦስተኛው በር የመዝጋት ኃጢአት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ብሎግስፖትን የመሳሰሉ መጦመሪያዎች በአገር ውስጥ እንዳይከፈቱ ተደርገው ቆዩ፤ ከ200 በላይ የታገዱ ድረ ገጾች የተለቀቁት በ2018 ነው። ሸረሪቱ ከውጭ ሆኖ እነዚያን ገጾች ያያቸው ነበር። አንብቦ ማያያዣ የሚዘረጋላቸው የአገር ውስጥ አንባቢ ግን አልነበራቸውም። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተብሎ በ2017 ኢንተርኔት ተቋረጠ። በ2020 ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ። በትግራይ በዚያው ዓመት በኅዳር የጀመረው መቋረጥ ደግሞ በሳምንት የሚቆጠር አልነበረም። በየጊዜው በሩ የሚዘጋበትን ገበያ ነጋዴውም ሸረሪቱም መመላለስ ይተዋል።

አራተኛው የእኛ የምሁራኑ ነው፤ እዚህ ላይ ሌላውን ወቅሼ ልለፍ ብል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። የዶክትሬት ጽሑፌ ስለ ደቡብ ምዕራብ የቡና ግብይት ነው። ከቴፒ እስከ ማጂ እየተዘዋወርኩ ሽማግሌዎችን አነጋግሬያለሁ፤ የቡና ዓይነቶችን አካባቢያዊ መጠሪያ፣ የጫካውን አጠባበቅ፣ የድሮውን የቅሎ መንገድ መዝግቤያለሁ። ካነጋገርኳቸው አረጋውያን ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጽሑፉ በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ ሦስት ቅጂ ወጣለት፤ አንዱ ከቢሮዬ መደርደሪያ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ አንድም ገጹ የለም። ተማሪዬን «ስሕተት!» ብዬ በቀይ የጻፍኩበት እኔ፣ ልጁ ትክክለኛውን የሚያገኝበትን ጽሑፍ ደብቄ የተቀመጥኩት ሰው ነኝ።

ተቃውሞዎቹን ልስማ

«መፈለጊያው ራሱ የባዕድ ሞኖፖል ነው፤ ለእንግሊዝኛ ያደላል» ይባላል። ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 አሜሪካዊው ዳኛ አሚት ሜህታ ጉግል የፍለጋ ገበያውን በሕገ ወጥ መንገድ በሞኖፖል መያዙን ፈርደዋል። አማርኛ የጉግል ተርጓሚ ውስጥ የገባው በ2016 ነው፤ ከብዙ ቋንቋዎች በኋላ። ነገር ግን የሸረሪቱ አድልዎ በሌለ ጽሑፍ ላይ ሊሠራ አይችልም። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከ7 ሚሊዮን በላይ መጣጥፍ አለ፤ በአማርኛው 15 ሺህ ገደማ። ይህን ልዩነት ያመጣው ጉግል ነውን? ቅሬታችን የሚሰማው መጀመሪያ የድርሻችንን ስናደርግ ነው።

«እኛ እኮ እንጽፋለን፤ ፌስቡክና ቴሌግራም ሞልቷል» የሚለኝም አለ። እንጽፋለን፤ ያውም ሌት ተቀን። ነገር ግን ከእነዚህ ግቢዎች ውስጥ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ለሸረሪቱ ክፍት አይደለም። የዛሬ ሦስት ዓመት በአንድ ቡድን ውስጥ ስለ ሸኮ ጫካ የተጻፈውን ድንቅ ማስታወሻ ጸሐፊው ራሱ እንኳ ዛሬ ፈልጎ አያገኘውም። ያ ወንዝ ላይ መጻፍ ነው።

«ገበሬው ማያያዣ አይበላም» የሚለው ከሁሉ የከበደው ነው። አይበላም። የሚበላው ግን ከዋጋ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ከስም ነው፤ ስሙን ገዢው የሚያውቀው ዛሬ ከስልኩ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ ተግባራዊነቱ ደጋግሞ ቢራዘምም፣ ቡና የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ ያለውን ነጥብ የሚጠይቅ ነው። ጫካ ጠብቆ ቡና የኖረ የማጂና የሸኮ ገበሬ ለዚህ ደንብ ከማንም የተሻለ መልስ ሊሆን ይገባው ነበር። ማስረጃው ግን በመደርደሪያ ላይ ከተኛ መልሱ ሳይሰማ ይቀራል።

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው በጀት የሚያናጋ ነገር አይደለም። መሥሪያ ቤቶች ፎቶ ሳይሆን ጽሑፍ ይስቀሉ፤ በዩኒኮድ። የመዋቅር ስም ሲለወጥ አሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ ይምራ፤ በገጹም ላይ የድሮው ስም ይጠቀስ፤ «ቤንች ማጂ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ቤንች ሸኮንም ምዕራብ ኦሞንም ያግኝ። እያንዳንዱ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር ቦታውን፣ ከፍታውን፣ የቡናውን ዓይነት እና የመኸሩን ጊዜ የሚናገር አንድ ገጽ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይኑረው። ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎችን በነጻ ይክፈቱ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ከጀመረ ዓመታት አልፈውታልና አዲስ ፈጠራ አይደለም። እኛ ጸሐፊዎችም እርስ በርሳችን እንጠቃቀስ። በአገራችን የሌላውን ጽሑፍ መጥቀስ እንደ መሸነፍ ይቆጠራል፤ ሸረሪቱ ግን የሚሻገረው በዚያ ድልድይ ብቻ ነው። መንግሥትም መስመሩን አይቁረጥ።

ባለፈው ዓመት ሚዛን ሄጄ አጎቴ ቤት ቡና ተፈላልን። የስምንት ዐሥርት ሽማግሌ ናቸው። ስልኬን ስነካካ ቆይተው አዩኝና፣ «ለመሆኑ የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር የእኛን ቡና ያውቀዋል?» አሉኝ።

«ስሙን ያውቀዋል ጋሼ፤ አገሩን ግን ለሌላ ሰጥቶታል» አልኳቸው።

ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ታዲያ እናንተ የተማራችሁት ምን ትሉታላችሁ?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ያንን የተጠረዘ መጽሐፍ ገልጬ ምዕራፍ በምዕራፍ በዩኒኮድ መተየብ ጀምሬያለሁ። የማጂው ምዕራፍ ተጠናቋል፤ በዚህ ወር መጨረሻ ለማንም ክፍት አድርጌ አወጣዋለሁ። ያንን ተማሪዬንም የእርማት ሥራውን እንዲያግዘኝ ጠይቄዋለሁ። ከደቡብ ምዕራብ የሆናችሁ፣ በመሳቢያችሁ የተኛ ጽሑፍ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የእናንተን ስታወጡ ንገሩኝ፤ የእኔን ከእናንተ ጋር አያይዘዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።